በዚህ ጃንጥላ አትዘልም

ጡረታ ወጥቼ ላሊበላ ስገባ የመጀመሪያ ደንበኛዬ የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ የመጣ ዲያቆን ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለብልባላ ሰው «ልጄ የመንግሥት ጃንጥላ ትሰፋለች» እያለች ስታወራ ስለኖረች አገሬው የሚያውቀኝ በዚያ ነው። ዲያቆኑ የደብሩን ጥላ ከነዘርፉ ፊቴ ዘረጋና «ሽቦው ወልቆብናል፤ እርስዎ ያውቁበታል ተብዬ ነው» አለኝ። እኔ የማውቀው ጃንጥላ ሰው ከአውሮፕላን ሲዘል ከላዩ የሚዘረጋው እንደሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። በትዕግሥት ሰማኝ። ሲያበቃ «እንዲያማ ከሆነ ይኼ ይቀልልዎታላ!» አለ። ሠራሁለት። እውነትም ቀለለኝ።

የተወለድኩት ብልባላ ነው። ልብስ ስፌት የተማርኩት ደሴ፣ አክስቴ ዘንድ። ወታደር ቤት ያስገባኝም ያው ስፌቱ ነው። የጃንጥላ ክፍሉ ቀጥ አድርገው የሚሰፉ ሴቶች ይፈልግ ስለነበር ፈታኙ አንድ ክንድ ናይለን ሰጥቶ «ስፊ» አለኝ። ሰፍቼ ሰጠሁት። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ከዳር እስከ ዳር ተከተለው፤ ጥፍሩ የትም ቦታ አልተያዘም።

«ከየት ነሽ?»

«ከላስታ።»

«ላስታዎች ድንጋይ ይጠርባሉ ሲባል ነበር የሰማሁት። ለካ ጨርቅም ያውቃሉ» አለና ስሜን መዘገበ።

ይህ ሰው ባሻ ደምሴ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት አለቃዬ ሆኖ ቆይቷል። ደመወዛችን ትንሽ፣ የምንሞላው ቅጽ ብዙ ነበር፤ ስለሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ስለ ባሻ ግን ብዙ እላለሁ።

ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ጃንጥላ የምናጥፍበት አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ሰዓትና ቀለበት ያስወልቀናል፣ ጥፍራችንን ያያል፣ ከዚያ ጸጉራችንን ያሸታል። አዎ፣ ያሸታል። ቅቤ የነካው ጨርቅ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ደግሞ ጨርቁን እንደ ሞረድ ይበላዋል ብሎ ስለሚያምን ቅቤ የተቀባች ሴት ጃንጥላ አጠገብ አትደርስም። የፋሲካ ሰሞን ግማሾቻችን ከበሩ እንመለስ ነበር። ገመድ ሲቆጥር ማንም አያናግረውም። አንድ ቀን ኮሎኔሉ ድንገት ገብተው ሁላችንም ቀጥ ብለን ስንቆም ባሻ ጀርባውን እንደሰጠ መቁጠሩን ቀጠለ። እኛ ላብ አጠመቀን። ጨርሶ ዞረና ሰላምታውን ሰጠ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሃያ ሦስተኛው ላይ ነበርኩ።» ኮሎኔሉም ሣቁ። «እኔ የምዘልበት ከሆነማ ቀጥል» አሉት።

ጨርቅ ሲመረምር ጣቱን አያምንም። የሠራተኛ ጣት ይደነድናል፣ ከንፈር ግን አይደነድንም ይላል። ስለዚህ ታችኛው ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ይጎትተዋል፤ የሳሳውን ቦታ በዚያ ያገኘዋል። ሥራ ሲያልቅ መቀስ፣ መርፌ፣ ቆንጣጭ ሁሉ ተቆጥሮ ቦታው ካልገባ ማንም አይወጣም። አንድ ጊዜ የጠፋች የገመድ ማበጠሪያ ፍለጋ ታጥፈው ያለቁ ዐሥራ ስድስት ጃንጥላዎች አስፈትቶናል። ማበጠሪያዋ የተገኘችው የራሱ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። «ደግ ነው፣ ጃንጥላው ውስጥ አለመሆኗን አወቅን» አለና እንደገና አሳጠፈን።

ጃንጥላውን ማን እንዳጠፈው የሚመዘገብበት ካርድ ላይ ከመፈረማችን በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ትዘይበታለሽ?» ይህ ደግሞ እንዲያው ለወግ አይደለም። ወር በገባ ቁጥር ካጠፍናቸው ውስጥ አንዱን በዕጣ ያወጣና ላጠፈችው ልጅ ያሸክማታል። ዕጣው እኔ ላይ የወደቀ ጊዜ ከአውሮፕላኑ በር እስከ ምድር ድረስ የማስበው እያንዳንዷን እጥፋት ነበር። ጃንጥላው ሲከፈት «ሠራሁት!» ብዬ ብቻዬን ሰማይ ላይ ጮህኩ። የወደቅኩት የጭድ ክምር ላይ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከጸጉሬ ጭድ ስለቅም ሰነበትኩ። ከዚያ በኋላ ስሜን ስፈርም እጄ እንደ ቀድሞው አይፈጥንም ነበር።

ባሻ ጡረታ ሲወጣ ክፍሉን እኔ ያዝኩ። ዓመታት አለፉ። ከወታደር ቤት ከተሰናበትኩ በኋላ አንድ የግል የዝላይ ክበብ ወሰደኝ። እዚያ ሥራው ተለወጠ። የወታደሩ ጃንጥላ ክብ ነው፣ ሰውን ተሸክሞ ቁልቁል ያወርዳል። የክበቡ ግን እንደ ፍራሽ አራት ማዕዘን ሆኖ እንደ ክንፍ የሚቀዝፍ ነው። በሁለት የፍሬን ገመዶች ቀኝና ግራ ይነዱታል፤ መሬት ሲደርሱ ሁለቱንም ወደ ታች ሲስቧቸው ፍጥነቱን ገድሎ በእግር ያቆማል። ክበቡ አዲስ የመግዛት አቅም ስላልነበረው አብዛኛው ዕቃ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ነበር። እኔም ያገለገለ ጃንጥላ መርማሪ ሆንኩ።

አሁን ልጽፈው ወደማልወደው ነገር ደረስኩ።

ዮናስ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነበረን። ቀልደኛ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣ፣ ከሁሉ በኋላ የሚሄድ ልጅ። አንድ ዓርብ ቀን ሰማያዊ ጃንጥላ ከውጭ መጣለት። ንጹሕ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ስፌቱ ያማረ ነው። በከንፈሬ ሞከርኩት፣ ጨርቁ ደህና ነው። ገመዶቹን አየኋቸው፣ አልተበጠሱም። አየኋቸው ነው ያልኩት፤ አልለካኋቸውም። ክብ ጃንጥላ ላይ ያሳለፍኩት ዕድሜ ገመድ ይበጠስ እንደሆነ እንጂ ያጥር እንደሆነ እንድጠይቅ አላስተማረኝም ነበር። ዝላዩ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ዮናስም በር ላይ ቆሞ «እትዬ ብርቄ፣ ሙሽራዬን አትደብቂብኝ» እያለ ያስቀኛል። ፈረምኩ።

በማግስቱ ጃንጥላው በደንብ ተከፈተ። ዮናስም በደንብ ነዳው። መሬት ሊደርስ ሲል ሁለቱን ፍሬን ሳበ። ያን ጊዜ ጃንጥላው በአየር ላይ እንዳለ ቆመና ከቤት ጣራ ከፍታ እንደ ድንጋይ ለቀቀው። የጭኑ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ጃንጥላ በተከፈተ ቁጥር ገመዶቹን አቅፎ የሚወርድ ትንሽ ጨርቅ አለ፤ ባራቱ ጥግ የብረት ቀለበት አለው። ቀለበቱ በፍጥነት ሲወርድ ገመዱን ያግለዋል፣ ሙቀቱም በየዝላዩ በጥቂት በጥቂቱ ገመዱን ያሳጥረዋል። ከሁሉ የሚያጥሩት የፍሬኖቹ ናቸው። ስለዚህ የዮናስ ጃንጥላ እሱ ገና ሳይነካው ፍሬን ይዞ ነበር የሚወርደው፤ እሱ ሲጨምርበት መቅዘፉን አቆመ። ገመዶቹን ከአደጋው በኋላ ለካኋቸው። ከአንድ ጭብጥ በላይ አጥረዋል። ለመለካት የሚፈጀው ጊዜ ሩብ ሰዓት ነው።

ሆስፒታል ሄጄ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለተኛ ስሄድም እንዲያው አደረገ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «እንዴት እንደሆነ ሳይልኝ» አለ። ሳልኩለት። ቀለበቱን፣ ገመዱን፣ እጥረቱን። ብዙ ጊዜ ካየው በኋላ «ይኼን እኔ ብቻ ማወቄ ምን ያደርጋል? ለሁሉም አሳዪያቸው» አለኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዘላዮቹን ሁሉ ሰብስቤ ገመድ ማስለካት ጀመርኩ። ዮናስ ባንኩ ተመልሷል፤ ሲራመድ ያነክሳል። እኔም ክበቡ እስኪዘጋ ድረስ ሳልለካ የፈረምኩት የለም።

ላሊበላ ከቅዳሜው ገበያ ከፍ ብሎ ትንሽ ስፌት ቤት ከፈትኩ። የቱሪስት ድንኳን እጠግናለሁ፣ የሻንጣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የደብር ጥላ እሰፋለሁ። ዓመት እንዲህ እንዳለፈ አንድ ጠዋት መስቀሉ ትልቅ ከረጢት ተሸክሞ ገባ። መስቀሉ አስጎብኚ ነው። ከዚያ በፊት ኬንያ ባሕር ጠረፍ ላይ ሆቴል ሲሠራ ዝላይ ተምሯል። እናቱ ጥሩዓለም ብልባላ አብረን ያደግን፣ አሁን ለደብር ጥላ የሚሆን ጨርቅና ዘርፍ የምትሸጥ ወዳጄ ናት።

«እትዬ ብርቄ፣ ሚስጥር ልንገርዎት» አለኝ። ሚስጥሩን ግን ከተማው ሁሉ ያውቀው ነበር። ስድስት የውጭ አገር ዘላዮች ትንሽ አውሮፕላን ተከራይተው ሊመጡ ነው፤ ፈቃዱ ተገኝቷል፤ ሽምሽሃ ሜዳ ላይ ሊወርዱ ነው። መስቀሉም የራሱን ጃንጥላ ይዞ ከመጣ አብሯቸው ይዘላል። ጃንጥላውን ናይሮቢ ካለ ሰው ገዝቷል። «ሰውዬው ብዙ አልተዘለለበትም ብሎኛል። እርስዎ ብቻ ያጥፉልኝ።»

«ከማጠፌ በፊት አየዋለሁ።»

«ይዩት እንጂ። የሚያምር ቀይ ነው።»

የአንድ ሆቴል አዳራሽ ለምነን አስጠረግነው። ቀለበቴን አወለቅኩ። መጀመሪያ አሸተትኩት፤ ሻጋታም ነዳጅም የለውም። የተሠራበትን ዘመን የሚናገረውን ምልክት አነበብኩ። ከመስቀሉ ጋር እኩያ ሊሆን ምንም አልቀረው። ዕድሜ ብቻውን አያስፈራኝም፤ ጨለማና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ አሮጌ፣ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ አዲስ ይሻላል። ስለዚህ የስፌቱን እጥፋት ገልጬ አየሁ። ከእጥፋቱ ሥር ያለው ደማቅ ቀይ ነው፤ ውጭ ያለው ወደ ሮዝ ሄዷል። ፀሐይ ጠግቧል ማለት ነው።

ከዚያ ገመዶቹን የሚያቅፈውን ትንሽ ጨርቅ የብረት ቀለበቶች በጣቴ ዞርኩባቸው። ብዙ ያልተዘለለበት ጃንጥላ ቀለበቱ ለስላሳ ነው። የነዚህ ጠርዝ ግን ተቆራርጦ ጥርስ አውጥቷል። የገመዶቹ ገጽ እንደ ሱፍ ጸጉር አውጥቷል። አንድ ጥግ ላይ ስፌቱ ቀለሙ ልዩ ሆኖ አገኘሁት፤ የሸሚዝ ቁልፍ በሚሰፋበት ተራ ክር የተጠገነ ነው። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ሲያወራ የነበረው መስቀሉ ጎንበስ ብሎ ክሩን በጣቱ ነካው።

ገመዶቹን ከወለሉ ምስማር ላይ አስሬ፣ ክብደት አንጠልጥዬ፣ የፋብሪካውን ሠንጠረዥ ከስልኩ ላይ እያነበበልኝ አንድ በአንድ ለካሁ። ፍሬኖቹ ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ ለካሁ። ሦስተኛ እሱ ራሱ እንዲለካ ሰጠሁት።

«አጥሯል» አለ።

«በስንት?»

«በስንዝር።»

«ስንት ጊዜ ዘልለሃል?»

«ሰማንያ ሁለት።»

«በዚህ ስፋት ጃንጥላ?»

«ከዚህ በጣም ይሰፋ ነበር። የትምህርት ቤቱ ነው።»

«ያውም ባሕር ጠረፍ ላይ ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው፣ ይሸከማል። የኛ አገር አየር ስስ ነው። እዚያ ቀስ ብሎ የሚያወርድህ ጃንጥላ ሽምሽሃ ላይ ሮጦ ነው የሚያወርድህ። ትንሽ፣ ያረጀ፣ ፍሬኑ ያጠረ። መስቀሉ፣ በዚህ ጃንጥላ አትዘልም።»

ተነሳ። ፊቱ ቀላ። «ሰውዬው ባለፈው ወር ራሱ ዘሎበታል! የዘላዮቹ መሪም ፎቶውን አይታ ቆንጆ ነው ብላለች።»

«ቆንጆ መሆኑን እኔም አልካድኩም።»

«አስጎብኚዎቹ ሁሉ ሊያዩኝ ይመጣሉ። ፈራ ይሉኛል።»

«ይበሉህ። በእግርህ ቆመህ ትሰማቸዋለህ።»

ከረጢቱን ትቶት ወጣ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ እየተቆጣች መጣች።

«ብርቄ፣ ልጄን ምን አደረግሽው? እህል አልቀምስ አለ።»

«ጃንጥላው አያዘልለውም አልኩት።»

«ታዲያ ስፊው! አንቺ ስፌት ታውቂያለሽ፣ እኔ ጨርቅ አውቃለሁ። ሁለት ሴቶች ሆነን አንድ ጃንጥላ ያቅተናል?»

ጥሩዓለም ስትቆጣ ማስረዳት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሳጥኔ ውስጥ ከማስቀምጠው አዲስ የጃንጥላ ጨርቅ ቁራጭ አወጣሁና «አፍሽ ላይ አድርገሽ ንፊበት» አልኳት። ነፋች። ጉንጮቿ ተወጠሩ፤ አየሩ አላልፍ አለ። ቀጥሎ የቀዩን ጃንጥላ ጫፍ ሰጠኋት። መዳፏን ከጨርቁ ማዶ አድርጋ ነፋች። ትንፋሿ መዳፏ ላይ ደረሰ። ሌላ ቦታ ላይ ነፋች። ደግሞ ሌላ። ጨርቁን በሁለት እጇ ወጠር አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው፤ ደንበኛ ፊት ጨርቅ እንደምታይ።

ስልኳን አወጣችና «ና» አለችው። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

መስቀሉ ሲገባ ጨርቁን እንደያዘች ነበር። «ይኼን ጨርቅ ለደብር ጥላ ቢሆን እንኳ አልሸጠውም። ዝናብ እንኳ አይመልስም። አንተን ነው የማንጠለጥልበት?»

«እማዬ፣ አንቺ ስለ ዝላይ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ዝላይ አላውቅም። ስላለቀ ጨርቅ አውቃለሁ።»

ልጁ እዚያው ስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለመሪያቸው ጻፈላት፤ ጃንጥላዬን አንዲት ሴትዮ ጥላብኛለች፣ ምክንያቷም ይኼ ይኼ ነው፣ አልዘልም ብሎ። መልሱ ሳይዘገይ መጣ። አነበበና ግራ ተጋባ። «‹ትርፍ ጃንጥላ አመጣልሃለሁ፤ ሴትዮዋን ግን እንድታገናኘኝ› ትላለች።» ጥሩዓለም ይህን ስትሰማ «በል አሁን እህል ብላ» አለችው።

መጡ። መሪያቸው ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ናት። ያመጣችለት ትርፍ ጃንጥላ ሰፊ፣ ቀለሙ የጭቃ ዓይነት፣ ምንም ውበት የሌለው ነው። ሁለት ሰዓት ፈትሼ ያገኘሁት ጉድለት አንድ የላላ ብሎን ብቻ ነው፤ መፍቻውን እሷ ራሷ አቀበለችኝ። ከዚያ የራሷን ጃንጥላ አምጥታ ፊቴ ዘረጋችው። መስቀሉ ሲተረጉምልኝ ደስታውን መደበቅ አልቻለም፦ «‹የኔንስ?› እያለች ነው።» የሷንም አየሁ። ደህና ነው። ስለ አየሩ ስስነት ነገርኳት። እንደምታውቅ ነገረችኝና ለጓደኞቿ ደግማ አስጠነቀቀቻቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጎልማሳ ግን እጁን አወናጨፈ።

የዝላዩ ቀን ሽምሽሃ ሜዳ ሰው ሞላው። እህል ታጭዶ አልቋል፤ ዳር ዳሩን ገበሬዎች ይወቃሉ። አውሮፕላኑ ዞሮ ዞሮ ከፍ አለና ትንንሽ ነጥቦች ጣለ። ነጥቦቹ አበቡ። ትንንሾቹ ጃንጥላዎች እየከነፉ ወረዱ። እጁን ያወናጨፈው ጎልማሳ ቆሞ መውረድ አቅቶት በመቀመጫው ረጅም መንገድ አቧራ እያስነሳ ተንሸራተተ። ሱሪው ከኋላው ተቀዶ ሲነሳ ሰዉ በጭብጨባ ተቀበለው፤ እሱም ዞሮ እጅ ነሳ።

መስቀሉ የመጨረሻው ነበር። ያ የጭቃ ቀለም ጃንጥላ አይቸኩልም። አጠገቤ ጥሩዓለም ዓይኗን ጨፍና ክንዴን ጨብጣለች።

«ወረደ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«ፍሬን ያዘ። ወረደ።»

«ቆሟል?»

«ቆሟል።»

ያን ጊዜ ዓይኗን ሳትገልጥ እልል አለች። የቆመው ግን አውድማ አፋፍ ላይ ነበርና በሬዎቹ በርግገው ጥለው ጠፉ። ባለቤቱ ሽማግሌ መንሹን ተመርኩዘው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «የማን ልጅ ነህ?»

«የጥሩዓለም ነኝ፣ አባቴ።»

«እንግዲያውስ በሬዎቼን መልስና ከዚያ ትጨፍራለህ።» ላሊበላ የወጣው ፎቶ ሁሉ መስቀሉ የዝላይ ልብሱን ለብሶ በሬ ሲነዳ የሚያሳይ ነው።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ወደ ስፌት ቤቴ መጣ። ቀዩ ጃንጥላ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ነው። «ልወስደው ነው» አለ። «ገዥ አገኘሁለት። ሞምባሳ ያለች ልጅ ናት፣ በፎቶ አይታ ወደደችው።»

«ስለ ጃንጥላው ምን አልካት?»

እጁን ከረጢቱ ላይ አደረገ። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጠበቅኩት።

«ለኔ የተነገረኝን» አለ በመጨረሻ። «ብዙ አልተዘለለበትም አልኳት።»

ብቆጣ ኖሮ ይቀለው ነበር መሰለኝ። አልተቆጣሁም፤ የዮናስን ነገር ነገርኩት። ለማንም ላሊበላ ውስጥ ነግሬ አላውቅም ነበር። ስፈርም ምን እንዳየሁ፣ ምን እንዳላየሁ፣ በማግስቱ ምን እንደሰማሁ። ሲያዳምጥ ከረጢቱ ላይ ያደረገውን እጁን አነሳ።

ስልኩን አውጥቶ እፊቴ ደወለላት። በእንግሊዝኛ ነው ያወሩት፤ ፊቱን ግን አነባለሁ። መጀመሪያ ጭንቅ፣ ከዚያ እፎይታ። ዞሮ «አመሰገነችኝ» አለኝ፣ ያልጠበቀው ነገር ሆኖበት። «ሌላ አሮጌ ጃንጥላ ቤቷ አለ። አንድ ሰው እንድትሞክረው ሰጥቷት። እሱንስ በምን ልወቀው እያለች ነው።»

«መጀመሪያ ምልክቱን ታንብብልን። መቼ እንደተሠራ፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነ።»

ጠበቅን። ከስልኩ ውስጥ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

«ምልክት የለውም ትላለች። የነበረበት ቦታ ተቆርጧል፣ በመቀስ።»

«የቆረጠው ሰው አንብቦታል። ለባለቤቱ ትመልስለት።»

ተረጎመላት። መልሷን ሲሰማ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነው። «‹ነገ ጠዋት ልዘልበት ነበር› ትላለች።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት እንቅልፏን ትተኛ በላት።»

ሣቋ ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። መስቀሉም ሣቀ፣ እኔም። ተሰነባብተው ሲያበቁ ቀዩን ጃንጥላ ከከረጢቱ አወጣው። ገመዶቹን ሰብስቦ በግራ እጁ ጨበጣቸውና ቀኙን ዘረጋልኝ። መቀሴን ሰጠሁት። ጥቂት አመነታ። ከዚያ አንድ በአንድ ቆረጣቸው።